ውሃ ላይ የተወለደችው

«እኔስ የማዝነው ለዚያች ለልጅቱ ነው፤» አሉ እትዬ ይታይሽ፣ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ጣል አድርገው። «በሰው አገር፣ ብቻዋን። መርዶውንስ ማን ነገራት? ማን ይዟት ይሆን አሁን?»

ሸዋዬ ከእሳቸው አንድ ክንድ ፈንጠር ብላ ፍራሹ ላይ ተቀምጣለች። እናቷ ወይዘሮ ፅጌ ማርያም በተቀበሩ በማግስቱ ነው። ዓይኗ አብጧል፣ ድምጿ ተዘግቷል፣ ፀጉሯን አሳጥራ ተቆርጣዋለች፤ ጆሮዋ ግን ደህና ነበር። እሷን ማን እንደያዛት የጠየቀ ሰው ከትናንት ጀምሮ አልሰማችም። እሷማ እዚሁ አለች። እዚህ ያለ ሰው አይጠየቅም።

«ጀርመን ያሉ የማኅበሯ ሰዎች ናቸው የነገሯት፤» አለች፤ ዝም ብትልም ያስወራባታል። «ወደ ሥራ ሳትወጣ ማልደው፣ አምስት ሆነው ሄደው በሯን አንኳኩ። እዚያ አገር ሰው ሳይቀጣጠር ሰው ቤት አይሄድም። በሩን ከፍታ ስታያቸው ገና ሳይናገሩ ገባት።»

ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡላት። ለታናሽ እህቷ ለሰብለ ወንጌል ነው የመጠጡላት፤ ሸዋዬ ያንንም ልብ ብላለች።

ድንኳኑ የተተከለው ሽንብጥ ሰፈር፣ ከቤታቸው ደጅ መንገዱ ላይ ነው። ከሐይቁ በኩል የሚመጣው ንፋስ ሸራውን እያነሳ ይጥለዋል። ወንዶቹ በአንድ በኩል አግዳሚ ላይ፣ ሴቶቹ በሌላው በኩል ፍራሽና ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ንፍሮ በሰፌድ ይዞራል፤ ቡናው ከጎረቤት በፔርሙስ እየተሞላ ይመጣል። ሰዉ ይገባል፣ ያለቅሳል፣ ይቀመጣል፣ እንባውን ጠርጎ ወሬ ይጀምራል። ወሬው ዞሮ ዞሮ ጀርመን ይገባል።

አንዳንዱ እንደ እትዬ ይታይሽ ያዝንላታል። አንዳንዱ ደግሞ ይቆጣል። ከቆላ ድባ የመጡ አንዲት የወይዘሮ ፅጌ ማርያም የአክስት ልጅ፣ ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉ መስሏቸው ድንኳኑ ሁሉ እየሰማቸው፣ እናት ስድስት ሳምንት ሙሉ አልጋ ላይ ሲማቅቁ ያልመጣ ልጅ ለመቼ ሊሆን ነው ብለው ጠየቁ። ሌላዋ ተቀብላ፣ አገሩ ልብ ያደርቃል አሉ፣ እዚያ የሄደ ሰው ብርዱ ውስጡ ይገባል አለች። ይኸን ጊዜ ሸዋዬ ደረቷ ውስጥ ሙቅ ነገር ሲፈስ ተሰማት። ደስታ አይባልም፤ እናቷን የቀበረች ሰው በምን አፏ ደስ አለኝ ትላለች? ግን ሐዘንም አልነበረም። አቀርቅራ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበችው፤ ሴቶቹ ዳግም ልታለቅስ ነው ብለው ትከሻዋን ደገፉላት።

ከወንዶቹ በኩል የእናቷ ታላቅ ወንድም፣ የኔታ ወልደ ጻድቅ ተናገሩ። የኔታ በደቅ ደሴት ቅኔ ሲያስተምሩ ያረጁ ሰው ናቸው፤ ለቀብሩ በጀልባ ተሻግረው መጥተዋል። ሸዋዬንና ሰብለ ወንጌልን፣ አባታቸው መሪጌታ ሲሞቱ፣ ያሳደጓቸው እሳቸው ናቸው። ለሰብለ ወንጌል ፊደል ያስቆጠሯት፣ ዳዊት ያስደገሟት እሳቸው። ብዙ አይናገሩም፤ ሲናገሩ ግን ተቆርጦ ይቀራል።

«ያች ልጅ ብትደውል እኔን አታገናኙኝ፤» አሉ። «ወረቀት ከእናት የበለጠባት ልጅ ከእኔ ጋር የምታለቅሰው ለቅሶ የለም።»

በእኛ አገር ሐዘንተኛ ከቤቱ ትልቅ ሰው ጋር ካልተላቀሰ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም። ለቅሶውን አልቀበልም ማለት ልጄ አይደለሽም ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሽማግሌ ቢገባም፣ ዓመት ቢቆጠርም፣ የሚጠገን አይደለም።

ሸዋዬ ቀና ብላ አያቻቸው። አንድ ነገር ልትናገር አፏን ከፈተች። ከዚያ መልሳ ዘጋችው።

እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ ማንሳት ይሻላል።

ወይዘሮ ፅጌ ማርያም ወሬ የሚያምርባቸው ሴት ነበሩ። ድሮ ልጅ ሳሉ ከደምቢያ መጥተው ለመሪጌታ የተዳሩ፣ ገና በወጣትነታቸው ሞት ከባላቸው የለያቸው ናቸው። ያዩትን ሲያወሩ ሰው እቃውን አስቀምጦ ያዳምጣቸዋል። ወፍጮ ቤት ሄደው ቢመለሱ የወፍጮ ቤቱን ወሬ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ አንድ ሰዓት ያወሩታል። ታናሽ ልጃቸው ጀርመን ከሄደች ወዲህ ባሉት ዘጠኝ ዓመታት ግን ሌላ ወሬ ተዉ። አገሩን ሳያዩት አወቁት።

ሰብለ ወንጌል የሽማግሌዎች መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። በየቀኑ ከሥራ ስትወጣ ትደውላለች፤ የምታወራውም የኑሮዋን ጣጣ ነው። እዚያ አገር ሁሉም ነገር ቀጠሮ ነው። ቀጠሮውን ለማግኘት ራሱ ቀጠሮ አለው። ከማሽን ቁጥር ታወጫለሽ፣ ቁጥርሽ ግድግዳው ላይ እስኪበራ ትቀመጫለሽ፣ ሲበራ ሽንት ቤት ብትሆኝ አለፈሽ። ለካርዱ ፎቶ ስትነሽ መሳቅ የለም፣ ጆሮ መታየት አለበት። የፖስታ ሳጥን ላይ ስምሽ ካልተጻፈ ደብዳቤሽ ተመልሶ ይሄዳል። አንድ ጊዜ ሳጥኑ ላይ «ሰብለ» ብቻ ጽፋበት፣ ፖስተኛው «ወንጌል» የምትባል ሰው የለችም ብሎ መልሶባት፣ ቀጠሮዋ ተቃጥሎ ሦስት ወር እንደ አዲስ ጠብቃለች። ወይዘሮ ፅጌ ማርያም ይኼን ታሪክ ለሰፈሩ ሁሉ አውርተውታል። እትዬ ይታይሽን ግድግዳ አስደግፈው ጆሯቸውን ገልጠው «እንዲህ ነው የሚነሱት፣ አትሳቂ» ያሏቸው ቀን ሰፈሩ ሲስቅ ነው የዋለው።

ቀጠሮ ባለባት ቀን ይጾሙላታል። የጾም ቀን ይሁን አይሁን፣ ፋሲካም ቢሆን። «ዛሬ ሰብለ ቀጠሮ አላት» ይሉና እህል ሳይቀምሱ፣ ስልኩን ጉያቸው ውስጥ አድርገው፣ አለቀልኝ እስክትላቸው ይጠብቃሉ።

ሸዋዬ በአንድ ፋብሪካ መዝገብ ቤት ከጀመረች አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሦስት ጊዜ እድገት አግኝታለች፤ አሁን ኃላፊዋ ናት። ገቢ ደብዳቤ፣ ወጪ ደብዳቤ፣ የሠራተኛ ማኅደር፣ ሁሉም በእሷ እጅ ነው የሚያልፈው። ትዳሯ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ተመልሳ ከእናቷ ጋር ስትኖር ኖራለች። እናቷ ልጅዎ ምን ትሠራለች ሲባሉ «ወረቀት ታቀብላለች» ነበር የሚሉት። በክፋት አይደለም። የጀርመኑን መሥሪያ ቤት ስም ሳይሳሳቱ የሚጠሩት ሴትዮ፣ የሸዋዬን ቢሮ በየትኛው ፎቅ እንደሆነ አንድ ቀን አልጠየቁም።

ነሐሴ ላይ የሰብለ ወንጌል የመኖሪያ ካርድ ጊዜው አለፈ። ለማሳደስ የልደት ማስረጃ አምጪ አሏት። እስከዚያው አንዲት ቁራጭ ወረቀት ሰጧት፤ በዚህ ወረቀት እዚህ መቀመጥ ትችያለሽ፣ ከአገር ከወጣሽ ግን አትመለሽበትም ተባለች። ለሸዋዬ ደወለች። ቀበሌ ሄደሽ አውጭልኝ፣ አዲስ አበባ አረጋግጠሽ ላኪልኝ፣ እምዬ ምስክር ትሁን አለቻት።

አንድ ዝናባማ ጠዋት እናትና ልጅ በባጃጅ ሄዱ። የመዝጋቢው ስም አዘዘ ነው፤ ገና ወጣት፣ ትሑት ልጅ። ስም ጠየቀ፣ ጻፈ። የአባት ስም ጠየቀ፣ ጻፈ። ከዚያ «የትውልድ ቦታ?» አለ።

«ጣና ላይ፤» አሉ ወይዘሮ ፅጌ ማርያም።

«ጣና ክፍለ ከተማ?»

«የምን ክፍለ ከተማ። ውሃው ላይ ነው እንጅ።»

አዘዘ እጁን ከኮምፒዩተሩ ላይ አነሳ። እሳቸው ደግሞ ወንበራቸውን ወደ ሰልፈኛው አዞሩት። ከወላጆቻቸው ዘንድ ከርመው ከጎርጎራ በመርከብ ሲመለሱ፣ ደቅን አልፈው፣ ማዕበል ተነሥቶ ምጡ ያዛቸው። መርከበኞቹ ጋቢ ወጥረው ጋረዱላቸው። ካፒቴኑ ሞተሩን አጥፍቶ ቆቡን አወለቀ። አንዲት የዘጌ መነኩሲት እትብቷን ቆረጡላት። መርከቡ ላይ የተጫኑት ፍየሎች እንኳ ሕፃኗ ስታለቅስ ዝም አሉ። ይኼን ሁሉ እጃቸውን እያወናጨፉ ሲያወሩ ተራ የሚጠብቀው ሰው ተራውን ረሳ። ያጨበጨቡ አንድ ሽማግሌም ነበሩ።

«ውሃ ላይ ብዬ መጻፍ አልችልም እማማ፤» አለ አዘዘ እየሳቀ። «ቀበሌ ካልተሞላለት ሲስተሙ አያሳልፈኝም።»

«እግዜር ያስወለደኝን ቦታ ሲስተሙ ሊቀይረው ነው?»

በኋላ መርከቡ ያረፈበት ባሕር ዳር ተብሎ ተጻፈ። አዘዘ ማኅተሙን እየመታ፣ ለጨዋታ ያህል፣ አጠገባቸው ወደቆመችው ወደ ሸዋዬ በአገጩ አመለከተ። «ታላቋስ? እሷም ውሃ ላይ ናት?»

«እሷ? እሷማ እቤት ነው።» ወረቀቱን ተቀብለው ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው አዩት። «እሷ ምንም አላስቸገረችኝም።»

ሰብለ በተወለደች ቀን መርከቡ ላይ ሸዋዬም ነበረች። ስድስት ዓመቷ ነበር። ከጋቢው ውጭ ቆማ፣ የእናቷን ጫማ በሁለት እጇ ይዛ፣ ውሃው እያነሳ ሲጥላት እያስመለሳት፣ እናቴ ሞተች ብላ እየተንቀጠቀጠች ነበረች። ታሪኩን መቶ ጊዜ ሰምታዋለች። ካፒቴኑ አለበት፣ መነኩሲቷ አሉበት፣ ፍየሎቹ አሉበት። እሷ የለችበትም።

እናቷን ቤት አድርሳ ወደ ቢሮዋ ተመለሰች። ወረቀቱን ከቦርሳዋ አወጣችው። የመዝገብ ቤት ሰው መቼም ወረቀት ዝም ብሎ አያስቀምጥም፤ የሚገባበትን ማኅደር ይፈልግለታል። ከመሳቢያው ውስጥ «በእንጥልጥል ያሉ» የሚለውን ፋይል ሳበች፣ ወረቀቱን ከላይ አስቀመጠችው፣ ቆለፈችበት። ንዴቴ እስኪበርድ፣ ለሁለት ቀን ብላ ነበር። ሰብለ ደውላ «ወጣልሽ?» ስትላት «ሲስተም የለም አሉኝ» አለቻት። አፏ ላይ የመጣላት እሱ ነው። አገራችን ላይ ይኼን ሰምቶ የሚጠረጥር ሰው የለም።

እናቷ ሲጠይቋትም መልስ አላጣችም፤ ወረቀቱን አዲስ አበባ ለማረጋገጫ ልኬዋለሁ፣ እዚያ ነው ሲስተሙ የጠፋው አለቻቸው። ሁለት ቀኑ ሳምንት ሆነ። ሳምንቱ ወር። መስከረም መጨረሻ ላይ ወይዘሮ ፅጌ ማርያም በኩላሊት ወደቁ። ሸዋዬ በዚያው ቀን መሳቢያውን ከፍታ ወረቀቱን አይታዋለች። ከማኅተሙ ሥር ቀኑ ተጽፎበታል፤ ነሐሴ አሥራ አራት። በዚያ ቀን ላይ የማንም ምላስ ምንም አያደርግም፤ ይኼን ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም። አሁን ብልከው እስካሁን የት ነበር እባላለሁ አለች። እምዬ ትድናለች አለች። ባደረች ቁጥር ቀኑ እየራቀ፣ ወረቀቱም እየከበዳት ሄደ። በቀን ሁለት ጊዜ እናቷን ታገላብጣለች፣ ታጥባለች፣ በማንኪያ ውሃ ታቀምሳለች። ሰብለ በስልክ «ከወጣሁ አልመለስም፣ ምን ላድርግ?» እያለች ታለቅሳለች። ሸዋዬም «አይዞሽ፣ እኔ አለሁ» ትላት ነበር። ደግሞም ከልቧ ነበር። አንድ ሰው እንዴት ሁለቱንም ከልቡ ይሆናል ብትሉ፣ ይሆናል።

በሠልስቱ ቀን፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ድንኳኑ ጢም ብሎ ሞላ። ሰው እህል ከቀመሰ በኋላ የሸዋዬ ስልክ ጮኸ።

ሴቶቹ ድምፁን ክፈችው፣ እንስማት አሉ። ከፈተችው። መጀመሪያ የመጣው ትንፋሽ ብቻ ነበር፤ ከዚያ የሰብለ ወንጌል ለቅሶ ወጣ። ማንም ያልደገፈው፣ ደረት የሚመታበት ሰው ያጣ ለቅሶ ነው። ሴቶቹ አብረዋት አለቀሱ። ትናንት ስትወቅሳት የነበረችውም አለቀሰች። ሸዋዬ ስልኩን በተዘረጋ እጇ እንደያዘች፣ ይኼም ለቅሶ የእሷ ሆነ ስትል አሰበች። ይኼን አስባ ራሷን ጠላች፤ ግን አስባዋለች።

«የኔታን ስጭኝ፤» አለች ሰብለ ድምፅዋ ሲመለስ።

ሸዋዬ ተነሥታ ወደ ወንዶቹ በኩል ተሻገረች። ስልኩን ዘረጋችላቸው። የኔታ ወልደ ጻድቅ አላዩትም። መቋሚያቸውን በሁለት ጉልበታቸው መሐል አቁመው፣ ፊታቸውን ወደ ሸራው መለሱ።

«ተናግሬያለሁ፤» አሉ። «ባለወረቀቷን ወረቀቷ ያጽናናት።»

ስልኩ ክፍት ነበር። ሰማቻቸው።

ሰብለ ወንጌል ስትናገር አላለቀሰችም። የደከመው ሰው የሚናገረው ዓይነት ነው የተናገረችው።

«ተያቸው ሸዋ፣ አትጨቅጭቂያቸው። እውነታቸውን ነው። አንችንም አስቸገርሁሽ። እሷን እያስታመምሽ፣ ሥራ ጥለሽ ለእኔ ወረቀት ስንት ቀን ተመላለስሽ። እዚህ ለሰው ሁሉ እነግራለሁ፣ እህቴ ባትኖር ኖሮ እያልሁ።»

«ሰብለ፤» አለች ሸዋዬ።

«ልንገርሽ፣ አትቆጭኝ። ማክሰኞ እምዬ ስታርፍ እኔ ሥራ ላይ ነበርሁ። አንዲት አሮጊት እያጠብሁ። ጀርባዋን፣ እግሯን፣ በጣቶቿ መሐል ሳይቀር። የሰው እናት። አንች ደግሞ በዚያው ሰዓት የእኛን ታጥቢያት ነበር። እግዜር ይይልኝ፣ ቀናሁብሽ።»

ሸዋዬ አርባ አራት ዓመቷ ነው። በእሷ የቀና ሰው ኖሮ አያውቅም። መቅናት የእሷ ብቻ ይመስላት ነበር፤ ማንም የማያውቅላት፣ በሆዷ ይዛው የኖረች ቁስል። አሁን ያች ውሃ ላይ የተወለደችው፣ የሚጾምላት፣ የሚወራላት፣ ከዚያ ሁሉ አገር ማዶ ሆና ያንኑ ቁስል አውጥታ አሳየቻት። ደግሞ አመሰገነቻት። ስድብ ቢሆን ትችለው ነበር። ምስጋናው ነው ያልተቻለ።

«የኔታ፤» አለች። ድምጿ የተዘጋ ስለነበር ሰው ሁሉ ወደ እሷ ጎንበስ አለ። «ወረቀቱ እኔ ዘንድ ነው።»

የኔታ ፊታቸውን መለሱ። «የምን ወረቀት?»

«የልደቷ ወረቀት። ስትጠብቀው የከረመችው። ከነሐሴ ጀምሮ ቢሮዬ ውስጥ ተቆልፎበታል። ሲስተም የለም እያልሁ የዋሸሁ እኔ ነኝ። ልኬላት ቢሆን ትመጣ ነበር።»

ከሴቶቹ በኩል አንዷ ሰፌዷን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠች። ከወንዶቹ አንዱ ሳል ጀምሮ ዋጠው።

«ምነው ልጄ?» አሉ የኔታ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ገብቷቸው ስላልገባቸው ነው የጠየቁት።

«ቀንቼ፤» አለች ሸዋዬ።

ሌላ ነገር ልትጨምርበት ፈለገች። መርከቡን፣ ጫማውን፣ ወረቀት ታቀብላለች መባሏን። ሁሉም አፏ ድረስ መጥቶ አነሰባት። እናቷን ለሚያክል ነገር አነሰባት።

የኔታ ወልደ ጻድቅ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ። ጉልበታቸው እሽ አላላቸውም፤ ግራና ቀኝ ያሉት ሊደግፏቸው ሲሉ እጃቸውን መለሱ። መጥተው ስልኩን ከሸዋዬ እጅ ወሰዱ። እንዴት እንደሚያዝ አያውቁበትምና እንደ ጸሎት መጽሐፍ በሁለት እጃቸው ፊታቸው ፊት ያዙት።

«ሰብለ ወንጌል፤» አሉ። «እኔ ነኝ ልጄ። ወልደ ጻድቅ ነኝ። እናታችን ሄደች።»

እናታችን አሉ እንጅ እህታቸው ነበረች። እሷን የቀበሩ ቀን በዜማ ሲመሩ ድምፃቸው ያልተንቀጠቀጠ ሰው፣ አሁን እንደ ሕፃን ጮኸው አለቀሱ። ወንዶቹ ከአግዳሚው ተነሡ፣ ሴቶቹም ተነሡ፤ ድንኳኑ እንደ መጀመሪያው ቀን እንደ አዲስ ተላቀሰ። ስልኩ ውስጥ ያለችው ልጅ «አባቴ፣ አባቴ» ትላለች። እሳቸው «አለሁ፣ አለሁ» ይላሉ።

ሸዋዬ ወደ ቦታዋ ተመልሳ ተቀመጠች። እትዬ ይታይሽ፣ የሠላሳ ዓመት ጎረቤት፣ ነጠላቸውን ሰብስበው ከአጠገቧ ተነሡና ወዲያ ማዶ ከእናቷ የአክስት ልጅ ጎን ሄደው ተቀመጡ። ሌሎቹም ቀስ በቀስ ራቅ ራቅ አሉ። ፍራሹ ሰፊ ሆነ። እንዲህ እንደሚሆን አውቃ ነው የተናገረችው፤ ሲሆን ግን ከጠበቀችው ይበርዳል።

ብዙ ቆይተው የኔታ ራሳቸው ስልኩን ይዘው መጡ። ከላይ ሆነው አዩዋት። ይቆጣሉ ወይም ይመርቃሉ ያለ ሰው ካለ ተሳስቷል፤ አንዱንም አላደረጉ። «ትፈልግሻለች» ብለው ስልኩን ጭኗ ላይ አኖሩላትና ተመለሱ።

ሸዋዬ ድምፁን ዘግታ ጆሮዋ ላይ ያዘችው።

«ስለ ወረቀቱ አሁን አልችልም፤» አለች ሰብለ ወንጌል። «ሌላ ቀን እቆጣሻለሁ። ብዙ ነው የምቆጣሽ ሸዋ። በደንብ ነው የምቆጣሽ።»

«እሽ።»

«አሁን አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ጠራችኝ?»

ሸዋዬ ዓይኗን ጨፈነች።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ነበር። እናቷ ካሸለቡበት ድንገት ነቁና የሸዋዬን እጅ ፈልገው ያዙ። አልጋ ላይ ከወደቁ ወዲህ የከሳ እጃቸው ያን ያህል ጉልበት ከየት እንዳመጣ እግዜር ይወቀው። «ሰብልዬ» አሉ። ስድስት ሳምንት ያስታመመቻቸው እሷ፣ የያዙት እጅ የእሷ፣ የወጣው ስም የሌላ ሰው። ሸዋዬ ያን ጊዜ እጇን ልትነጥቅ ነበር። አልነጠቀችም። ይኼንን ግን ለማንም አልናገርም፣ ለሰብለማ ከነፍሴ ጋር ይወጣል እንጅ አልነግራትም ብላ ማለች። አልጠራችሽም ማለት ትችላለች። ከክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም።

«ጠርታሻለች፤» አለች። «እጄን ይዛ ነው የጠራችሽ። አንችን መስያት።»

ስልኩን ወደ ጆሮዋ ይበልጥ አስጠጋችው።

«አቤት አልኋት። መጣሽ? አለችኝ። መጣሁ አልኋት። ከዚያ ተኛች። ቃሏ እሱ ነው፤ ሌላ አልተናገረችም።»

ሰብለ ወንጌል ስልኩን አልዘጋችም። ትንፋሿ ብቻ፣ አንዴ እየረዘመ አንዴ እየተቆረጠ፣ ይሰማል። ሸዋዬም የምትጨምረው አልነበራትም። ስልኩን ከጆሮዋ አውርዳ፣ ድምፁን መልሳ ከፍታ፣ ቀኝ ጎኗ ባለው ባዶ ፍራሽ ላይ በጀርባው አስተኛችው። የጥሪው ሴኮንድ መስታወቱ ላይ እየቆጠረ ይሄዳል።

ያን ጊዜ ከመራዊ አንድ ሚኒባስ ሙሉ ዘመድ ደረሰ። ገቡ፣ አለቀሱ፣ ደረታቸውን ደቁ፣ ሰው «ይብቃ» ሲላቸው መቀመጫ ፈለጉ። ድንኳኑ ሞልቷል። ከመሐላቸው አንዲት ወፍራም ሴት፣ መንገድ ያደከማት፣ ፊቷን እየጠረገች በዓይኗ ዞረችና ከሸዋዬ ቀኝ ያለውን ክፍት ቦታ አየች። መጥታ፣ «እግዜር ያጥናሽ እቴ» ብላ፣ ቀሚሷን ሰብስባ ልትቀመጥ ጎንበስ አለች።

ሸዋዬ ወደ ግራ ፈቀቅ አለች። ቦታው ይበልጥ ሰፋ። መዳፏን ከስልኩ አጠገብ ክፍቱ ፍራሽ ላይ ዘርግታ አሳረፈች።

«ይቅርታ እህቴ፤» አለች። «ሰው አለበት።»